ሎሚው የሸወደን ሙከራ፦ ፒኤች ኢንዛይምን ምን ያደርገዋል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእህቴ ልጅ የባዮሎጂ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። «ፒኤች በኢንዛይም ሥራ ላይ ያለውን ተፅዕኖ መርምሩ» ይላል። (ፒኤች አንድ ፈሳሽ ምን ያህል አሲድ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው።) የትምህርት ቤቱ ላብ ዕቃ ስላልተሟላለት ቤታችሁ ባለው ነገር ሞክሩት ተብለዋል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ቁጭ ብዬ አላይም። ተያይዘን ወጥ ቤት ገባን።

የበቆሎ ስታርች በውኃ በጥብጠን አፈላነውና አቀዘቀዝነው። ሁለት ብርጭቆ ላይ እኩል እኩል ቀዳን። እሷ ሁለቱም ውስጥ ስታርች የሚሰባብር ኢንዛይም ያለበትን ምራቋን ጨመረች። (ለሳይንስ ነውና ይቅር በሉን።) በአንዱ ላይ ውኃ፣ በሌላው ላይ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ አደረግን። ትንሽ ጠብቀን፣ ከፋርማሲ የገዛነውን አዮዲን በውኃ አቅጥነን ሁለት ሁለት ጠብታ ጣል አደረግንባቸው።

አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ስታርቹ ወደ ስኳር ተሰባብሮ ካለቀ ግን የራሱን ቢጫማ ቡናማ ቀለም እንደያዘ ይቀራል። የውኃው ብርጭቆ ጠቆረ። ምራቁ ገና ሥራውን አልጨረሰም ነበር። የሎሚው ግን ወፍ የለም! ጠብታው ገብቶ ሳይረጋ ቀለሙ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ስታርቹ እኮ አለቀ! የምራቅ ኢንዛይም አሲድ ይወዳል ማለት ነው» አለች። እስክሪብቶዋን አንስታ ደብተሯ ላይ ልታሰፍረው ነው።

መጽሐፉ የሚለው ግን የተገላቢጦሹን ነው። የምራቅ ኢንዛይም የሚመቸው ገለልተኛ አካባቢ፣ ፒኤች 7 ገደማ ነው። ሎሚ ውስጥ ሥራ ማቆም ነበረበት። ወይ መጽሐፉ ተሳስቷል፣ ወይ እኛ። ሦስተኛ ብርጭቆ አመጣሁ። ስታርች፣ ሎሚ፣ አዮዲን፤ ምራቅ የሚባል ነገር የለበትም። እዚያም ቀለሙ ጠፋ።

እንግዲህ ኢንዛይም በሌለበት ብርጭቆ ውስጥ «የኢንዛይም ሥራ» አየን። ሥራው የማን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ። በነገራችን ላይ አንድ ፍንጭ ፊታችን ነበር፤ የሎሚው ብርጭቆ ቢጫ እንኳ አልሆነም። ነጣ ብሎ እንደነበረ ነው የቀረው። ያኔ ልብ አላልነውም።

ከብቅል የተገኘ

ኢንዛይም በሕያዋን ውስጥ የሚካሄድን ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ነገር ነው። አብዛኛው ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። ሥራውን ጨርሶ ራሱ አያልቅም፤ አንዱን ሰባብሮ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ስሙን ሳይጠሩት ሲያሠሩት ኖረዋል። ገብሱን ወይም ስንዴውን ይነክሩታል፣ ያበቅሉታል፣ ያደርቁታል፤ ብቅል ይሆናል። ብቅል ቀመስ ብታደርጉ ጣፈጥ ይላል። ምክንያቱም እህሉ ሲበቅል ለቡቃያው ምግብ እንዲሆን ስታርቹን ወደ ስኳር የሚሰባብር ኢንዛይም ያዘጋጃል። አሚሌዝ ይባላል። እርሾው ወደ አልኮል የሚለውጠው ያንን ስኳር ነው። እርሾ ስታርቹን እንዳለ አይበላም።

በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የወጣው ኢንዛይምም ከዚሁ ከብቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች፣ ፓየንና ፔርሶ፣ ከብቅል አውጥተው «ዲያስቴዝ» አሉት። ዛሬ አሚሌዝ የምንለው ነው። ምራቃችን ውስጥም ዘመዱ አለ። ዳቦ አፋችሁ ውስጥ አቆይታችሁ አላምጡ፤ ቀስ በቀስ መጣፈጥ ይጀምራል።

ፒኤች ራሱ የኢንዛይም ልጅ ነው

ብዙ ተማሪ ፒኤችን የኬሚስትሪ ነገር አድርጎ ያየዋል፤ ባዮሎጂ ውስጥ ሲያገኘው እንግዳ ይሆንበታል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የፒኤችን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ሶረን ሶረንሰን ነው። የሚሠራው ኮፐንሃገን፣ ካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። ሲያጠና የነበረውም ኢንዛይሞችን ነው። መለኪያውን የፈለገው ለዚያ ሥራ ነው።

ችግሩ ይሄ ነበር። አንድ ሰው «ይህን ያህል አሲድ ጨምሬ ኢንዛይሙ ቆመ» ይላል። ሌላው ያንኑ ያህል አሲድ ጨምሮ ኢንዛይሙ ይሠራል። ለምን? አሲዱ የገባበት ፈሳሽ ይለያያላ! አንዱ ፈሳሽ አሲዱን ውጦ ዝም ይላል፤ ሌላው ወዲያው ይኮመጥጣል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ስንት አሲድ ፈሰሰ አይደለም። አሲዱ የሚለቀው፣ በፈሳሹ ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚዞረው ቅንጣት፣ የሃይድሮጂን አዮን፣ ስንት ነው የሚለው ነው። ፒኤች የሚለካው ይህንን ነው።

ቁጥሩ አንድ ተንኮል አለው። የሃይድሮጂን አዮኑ ሲበዛ ቁጥሩ ይቀንሳል። የሚቀንሰውም በአስር እጥፍ ደረጃ ነው። ከ7 ወደ 6 ብትወርዱ የሃይድሮጂን አዮኑ በአስር እጥፍ ጨመረ። ወደ 5 ብትወርዱ በመቶ እጥፍ። ሎሚ 2 ገደማ ነው፤ ከንጹሕ ውኃ ጋር ስናስተያየው መቶ ሺህ እጥፍ ነው ማለት ነው። «በአንድ ቁጥር ቢለያይ ምን አለበት» የሚል ተማሪ ካጋጠማችሁ፣ ደመወዙ በአንድ ዜሮ ቢቀነስ ምን እንደሚል ጠይቁት።

ዋናው ነገር፦ ቻርጅ

የትምህርት ቤት መጻሕፍት እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። «ፒኤች ከተስማሚው ሲርቅ ኢንዛይሙ ቅርጹን ያጣል» ብለው ያልፋሉ። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው።

ፕሮቲንን በክር እንደተሰካ ረጅም ዶቃ አስቡት። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው። የምራቅ አሚሌዝ ወደ 500 የሚጠጉ ዶቃዎች አሉት። ክሩ እንደተዘረጋ አይቀመጥም፤ ተጠቅልሎ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። ቅርጹን አጥብቀው ከሚይዙት ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ከዶቃዎቹ አንዳንዶቹ ፖዘቲቭ፣ አንዳንዶቹ ኔጋቲቭ ናቸው። ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ፣ ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ።

የሃይድሮጂን አዮን ራሱ ፖዘቲቭ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ሲበዛ ኔጋቲቭ ዶቃዎቹ ላይ ይለጠፍና ቻርጃቸውን ያጠፋዋል። ሲያንስ ደግሞ ከለጠፈበት እየተላቀቀ ይሄዳል። ስለዚህ ፒኤች ሲለወጥ የዶቃዎቹ ቻርጅ አብሮ ይለወጣል። ትናንት የሚሳሳቡ ዛሬ አይተዋወቁም።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ እርጎ ተመልከቱ። ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን በተለመደው ሁኔታ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ቅንጣቶቹ ይገፋፋሉ፤ ወተቱ ፈሳሽ ሆኖ ይኖራል። ባክቴሪያዎቹ አሲድ ሲሠሩ ፒኤቹ ይወርዳል። 4.6 አካባቢ ሲደርስ የኬዚኑ ቻርጅ ይጣፋል። የሚገፋፋ ነገር ስለሌለ ይያያዛል፣ ወተቱ ይረጋል። ኬዚን ኢንዛይም አይደለም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ፒኤች ቻርጅን ነካ፣ ቻርጅ ፕሮቲኑን ለወጠው።

አሁን ወደ ኢንዛይሙ እንመለስ። ኢንዛይሙ ላይ የሚሰባበረው ነገር የሚገባባት አንዲት ጎድጓዳ ቦታ አለች፤ አክቲቭ ሳይት ትባላለች። ሥራውን የሚሠሩት እዚያ ያሉ ጥቂት ዶቃዎች ናቸው። እነሱ ትክክለኛ ቻርጃቸውን ካልያዙ፣ የተቀረው ቅርጽ ምንም ቢያምር ሥራ የለም።

የጨጓራው ፔፕሲን ለዚህ በጣም ያምራል። አክቲቭ ሳይቱ ላይ አስፓርቲክ አሲድ የሚባሉ ሁለት ዶቃዎች ፊት ለፊት አሉ። ፔፕሲን ፕሮቲን እንዲቆርጥ አንደኛው ሃይድሮጂኑን እንደያዘ መሆን አለበት፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥሎ መሆን አለበት። አሲዱ ከመጠን ያለፈ ከበዛ ሁለቱም ይይዛሉ፤ ሥራ የለም። አሲዱ ካነሰ ሁለቱም ይጥላሉ፤ አሁንም ሥራ የለም። አንዱ ይዞ አንዱ የሚጥልበት ቦታ መሀል ላይ ነው፤ ለፔፕሲን 2 አካባቢ።

የኢንዛይሙን ፍጥነት ከፒኤች ጋር በሚያሳየው ግራፍ ላይ የምትስሉት ያ ኮረብታ ከዚህ ነው የመጣው። በሁለቱም በኩል የሚወርደው ለዚህ ነው። ይህ እስኪገባኝ ድረስ ኮረብታውን እንደ ሥዕል ሸምድጄ ነበር ያለፍኩት።

እንግዲህ ፒኤች ኢንዛይም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። መጠነኛ ለውጥ ሲሆን የአክቲቭ ሳይቱ ቻርጅ ይዛባል፤ ፒኤቹን ብትመልሱለት ኢንዛይሙም ወደ ሥራው ይመለሳል። ለውጡ ሲከፋ ደግሞ ጠቅላላ ቅርጹ ይፈታል፤ ይሄኛው ዲናቹሬሽን ይባላል። ከዚያ በኋላ ፒኤቹን ብትመልሱም ብዙ ጊዜ ኢንዛይሙ አይመለስም። ፈተና ላይ «ፒኤች 6 ሲሆን ኢንዛይሙ ዲናቹር ሆነ» ብሎ መጻፍ እንግዲህ መቸኮል ነው። ዝግ ብሎ ሊሆን ይችላል። «ኢንዛይሙ ሞተ» የሚለውማ ጭራሽ አይጻፍ፤ መጀመሪያስ መቼ ሕይወት ነበረው?

አፍ፣ ጨጓራ፣ አንጀት

ሰውነታችን ይህን ጉዳይ በክፍል በክፍል ፈቶታል። አፍ ወደ 7 የተጠጋ ነው፤ አሚሌዝ ይሠራል። ጨጓራ ውስጥ ፒኤቹ ከ1.5 እስከ 3 አካባቢ ይወርዳል፤ አሚሌዝ ይቆማል፣ ፔፕሲን ተራውን ይረከባል። ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ ቆሽት ባይካርቦኔት ይለቅበታል። ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ማለት ነው። አሲዱ ይበርዳል፤ ፔፕሲን በተራው ያርፋል፤ ፒኤች 8 አካባቢ የሚመቸው ትሪፕሲን ሥራ ይጀምራል።

ስለ ጨጓራ ካነሳን አይቀር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን የማያውቅ የሌለው ኤች ፓይሎሪ በዚሁ ጉዳይ ጎበዝ ነው። ባክቴሪያው በዚያ ሁሉ አሲድ ውስጥ የሚኖረው በኢንዛይም ነው። ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ዩሪያን ሰባብሮ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ ደግሞ አሲድን ያበርዳል። ዙሪያውን የራሱን ምቹ ፒኤች አበጅቶ ይቀመጣል ማለት ነው። ባክቴሪያው ከጨጓራ ቁስለት ጋር ያለውን ግንኙነት ያሳዩት ሁለቱ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

በትምህርት ቤት እንዴት ይሠራል?

ዕቃ ባለበት ላብ የተለመደው አሠራር ይህ ነው። ፒኤቻቸው 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8 የሆኑ ባፈሮች ይዘጋጃሉ። ባፈር ማለት ትንሽ አሲድ ወይም ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ቢገባበትም ፒኤቹ በቀላሉ የማይናወጥ ፈሳሽ ነው። ሶረንሰንን ያስቸገረው ነገር መፍትሔ እዚህ አለ፤ ቁጥሩን ትመርጣላችሁ፣ ቁጥሩም በቦታው ይቆያል።

አሚሌዙና ባፈሩ መጀመሪያ ይቀላቀላሉ። ስታርቹ ለብቻው ይቀመጣል። ሁለቱም 35 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይቆያሉ። ከዚያ ይቀላቀላሉ፣ ሰዓቱ ይጀምራል። በየ30 ሰከንዱ አንድ ጠብታ ተወስዶ ነጭ ሳህን ላይ በተደረደሩ የአዮዲን ጠብታዎች ላይ ይደረጋል። መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ አዮዲኑ ምንም ሳይለወጥ የሚቀርበት ሰዓት ይመጣል። ያ ሰዓት ይመዘገባል።

ለምሳሌ በፒኤች 6 ላይ 120 ሰከንድ ፈጀ እንበል፤ በ7 ላይ 60፣ በ8 ላይ 150። ሰዓቱን እንዳለ ግራፍ ላይ ካስቀመጣችሁት ኮረብታው ተገልብጦ ገደል ይሆናል፤ ፈጣኑ ትንሹን ቁጥር ስለያዘ። ፍጥነት ለማግኘት 1ን ለሰዓቱ አካፍሉ፦ 0.0083፣ 0.0167፣ 0.0067። ዜሮው ካስጠላችሁ በ1000 አባዙት። በፒኤች 4 ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካላለቀስ? «ፍጥነቱ ዜሮ ነው» አትበሉ። «በ300 ሰከንድ ውስጥ አላለቀም» በሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ደግሞ ከእነዚህ ቁጥሮች ተነስቶ «ተስማሚው ፒኤች 7 ነው» ማለትም ትንሽ ድፍረት ነው። ከ6 እስከ 8 መሀል የሆነ ቦታ ነው ማለት ትችላላችሁ። ጫፉ 6.7 ላይ ይሁን 7.2 ላይ፣ በመሀል ሳትሞክሩ ማወቅ አይቻልም። ጠብታ የምትወስዱትም በየ30 ሰከንዱ ስለሆነ «60» ያላችሁት ቁጥር ከ30 በኋላ እስከ 60 ያለውን ሁሉ ሊሆን ይችላል። በጣም ፈጣን ከሆነባችሁ በየ10 ሰከንዱ ውሰዱ፣ ወይም ኢንዛይሙን አቅጥኑት።

የአሚሌዙን መጠን፣ የስታርቹን መጠንና ሙቀቱን እኩል ስለማድረግ ብዙ አልልም፤ ሁሉም መጽሐፍ ይለዋል። አንድ ብቻ ልጨምር። በራስ ምራቅ የምትሠሩ ከሆነ አፋችሁን ተጉመጥመጡና ከአንድ ሰው፣ በአንድ ጊዜ የተጠራቀመ ተጠቀሙ። የአንዱ ምራቅ ከሌላው በጣም ይለያያል። ምራቅ ራሱም ባይካርቦኔት ስላለው ትንሽ ባፈር ነው፤ ሁለት ሦስት ጠብታ አሲድ ጣል ቢደረግበት ሊውጠው ይችላል።

ቀለሙን የወሰደው ማን ነው?

አሁን ወደ ሎሚው። ሎሚ ከአሲዱ ሌላ ቫይታሚን ሲ አለው። ቫይታሚን ሲ አዮዲንን ወደ አዮዳይድ ይለውጠዋል። አዮዳይድ ቀለም የለውም፤ ስታርችንም አያጠቁርም። ስታርቹ ብርጭቆው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ነበረ። የጠፋው አዮዲኑ ነው! ለዚህ ነው ብርጭቆው ቢጫ እንኳ ያልሆነው። ስታርቹ አልቆ ቢሆን ኖሮ የአዮዲኑ ቢጫማ ቀለም መታየት ነበረበት።

ከዚያኛው ጫፍም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ፒኤቹ ወደ 10 እና ከዚያ በላይ ሲወጣ አዮዲን ከቤዙ ጋር ራሱ ይዋሃድና ቀለሙን ያጣል። ኮስቲክ ሶዳ ጨምሮ «አሚሌዝ በፒኤች 12 ላይ በአንድ ሰከንድ ጨረሰ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ይኖራል። አሚሌዙ እዚያ ምንም አልሠራም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፒኤች አንድ ተጨማሪ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ኢንዛይም የሌለበት፣ ወይም ኢንዛይሙ ቀድሞ የተፈላበት። እዚያም ቀለሙ ከጠፋ ውጤታችሁ ፎርሿል። ብዙ ተማሪ ይህን መቆጣጠሪያ «አስተማሪው ስላለ» ብቻ ይጨምረዋል፤ አንዳንዱም ለሁሉም አንድ ብቻ በፒኤች 7 ይሠራል። በ7 ላይ ግን ወጥመዱ የለም። ወጥመዱ ጫፍና ጫፉ ላይ ነው ያለው።

ለቤት የሚሆነው አሲድ ነጭ ኮምጣጤ ነው፤ ቫይታሚን ሲ የለውም። እንዲያውም ደህና ባፈር ይወጣዋል። በ100 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ኮምጣጤ ላይ 3.5 ግራም ገደማ ቤኪንግ ሶዳ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አረፋው ያልቃል፤ ፒኤቹ 4.8 አካባቢ የሆነና በቀላሉ የማይናወጥ ፈሳሽ ታገኛላችሁ። ቤኪንግ ሶዳ ለብቻው በውኃ ሲበጠበጥ ደግሞ 8.3 አካባቢ ነው። የፒኤች ወረቀት ከሌለ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅላችሁ ውኃውን ተጠቀሙ፤ አሲድ ላይ ይቀላል፣ ቤዝ ላይ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል።

አዮዲን ያስቸገረው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ድንች ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን ወደ ውኃና ኦክስጅን ይሰባብራል። ጥሬ ድንች ፈቅፍቁ፣ ጨምቁ፣ በየብርጭቆው የተለያየ ፒኤች ያለው ፈሳሽ ቀላቅሉበት። ከዚያ ከፋርማሲ የሚገዛውን 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ጨምሩና አረፋው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወጣ ለኩ። እዚህም ድንች የሌለበት ብርጭቆ አይቅር። ፐርኦክሳይድ ቤዝ ውስጥ ያለ ኢንዛይምም ቀስ እያለ ይሰባበራል።

«ቤዝ አጣሁ» ብላችሁ ግን በረኪና እንዳትነኩ። ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ራሱ ኦክስጅን ያወጣል፤ ውጤታችሁ ውሸት ይሆናል። ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ይሄኛው የውጤት ጉዳይ አይደለም፤ ሳንባ ነው።

ሎሚስ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም? አንድ ቦታ ይሆናል። የተላጠ ድንች ወይም አቮካዶ የሚጠቁረው በኢንዛይም ነው፤ ጁስ ቤት አቮካዶው ላይ ሎሚ ጠብ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም። አሲዱ ኢንዛይሙን ያዘገያል፣ ቫይታሚን ሲውም ጥቁረቱን ይቃወማል። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ለጁሱ ግሩም ነው። ለሙከራ ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሠራ ስለማይለይ ያው የሚያሳስት ነው።

በማግስቱ እሑድ ደገምነው። አሁን በየብርጭቆው ጎን ምራቅ የሌለበት ጓደኛው ተቀምጧል። አዮዲኑን ብርጭቆው ውስጥ ሳይሆን ነጭ ሳህን ላይ አደረግን። የውኃው ብርጭቆ በአራት ደቂቃ ስታርቹን ጨረሰ። ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ትንሽ ዘገየ። ኮምጣጤና ሶዳ የተቀላቀለበት ከ10 ደቂቃ በኋላም ጠብታው ጥቁር ነበር። ኮምጣጤ ብቻ ያለበትም እንደዚያው። ጓደኞቻቸው በሙሉ ጠቁረው ቀሩ፤ መሆንም የነበረበት እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ ያለው የእሷ ሐሳብ ነበር። «ጋሼ፣ በኋላ ፒኤቹን ብንመልስላቸውስ?» አለች። በሁለቱም የኮምጣጤ ብርጭቆዎች ላይ ሶዳ ጨመርንባቸው። የኮምጣጤ ብቻው ገንፍሎ ምድጃውን አጥለቀለቀው፤ እናቷ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ባፈር የነበረው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ የአዮዲኑ ቢጫማ ቀለም ብቻ ቀረ። ኢንዛይሙ ተመልሶ ነበር። የኮምጣጤ ብቻው ግን እስከ ማታ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ደብተሯ ላይ ለአንደኛው «ቻርጅ ብቻ»፣ ለሌላው «ቅርጹ ተፈቷል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ከሁለተኛው አጠገብ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ግማሹ ምድጃው ላይ ፈስሷላ!